የሽንት ቤት ዝቃጭ ማሳ ላይ ከመደረጉ በፊትና በኋላ፦ ከባድ ብረት ወደ ሰብሉ እንዳይገባ ምን እናድርግ?

የማዳበሪያ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ከከተማ ጉድጓድ ተመጥጦ የደረቀ ዝቃጭ በነጻ ወይም በርካሽ ያገኘ ሰው «ማሳዬ ላይ ባደርገውስ?» ቢል አይፈረድበትም። ናይትሮጅን አለው፣ ፎስፈረስ አለው፣ የደከመ አፈርም ያለሰልሳል። ጣጣው አብሮት የሚመጣው ነው፦ ካድሚየም፣ እርሳስ፣ ዚንክ፣ መዳብ፣ ኒኬል፣ ክሮሚየም። እነዚህ አይበሰብሱም። ዝናብም በቀላሉ አያጥባቸውም። ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው ናቸው፤ አንዴ ከገቡ ለቅሞ ማውጣት የለም።

ግን አንድ ነገር ከመጀመሪያው እንያዝ። አፈር ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ሰብል ውስጥ አይገባም። አብዛኛው ከሸክላው፣ ከብስባሹና ከአፈሩ ዝገት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ተክሉ የሚስበው በአፈሩ ውኃ ውስጥ የሟሟውን ብቻ ነው። ምን ያህሉ እንደሚሟሟ በዋናነት የሚወስነው ደግሞ የአፈሩ ኮምጣጣነት ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ ጎጃም ላይ ከሌላው ቦታ የሚከብደው። የእንጅባራና የዳንግላ አካባቢ ቀይ አፈር ለዘመናት ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ የወሰደበት ኮምጣጣ አፈር ነው። የቢቸና ጥቁር አፈር ግን ሸክላው ብዙ፣ ኮምጣጣነቱ ትንሽ ነው። ያው አንድ መኪና ዝቃጭ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም ቦታ ቢራገፍ፣ በቀዩ አፈር ላይ የበቀለው ቆስጣ ብዙ ተጨማሪ ካድሚየም ሊስብ ይችላል። ስለዚህ «ዝቃጩ ጥሩ ነው ወይ?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «የኔ አፈር ይይዘዋል ወይ?» የሚለው ይቀድማል።

1. ዝቃጩ ከየት እንደመጣ ጠይቁ

ሹፌሩን ጠይቁት። ሳታፍሩ። ከመኖሪያ ቤት ብቻ የተመጠጠ ነው? ከጋራዥ፣ ከባትሪ ቤት፣ ከቀለም ቤት፣ ከቆዳ ወይም ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የመጣ ተቀላቅሎበታል? የሰው ዓይነ ምድር በራሱ ብዙ ብረት የለውም። ነገሩን የሚያበላሹት ጉድጓድ ውስጥ የሚደፉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ ያረጀ ባትሪ፣ የጋራዥ እጣቢ፣ ቀለም። የቆርቆሮ ጣሪያ ውኃ ወደ ጉድጓዱ የሚገባ ከሆነም ዚንክ ይጨምራል፤ ቆርቆሮው የተለበጠው በዚንክ ስለሆነ ነው።

ሹፌሩ «ከሁሉም ቦታ ነው» ካላችሁ ለምግብ ሰብል አትውሰዱት። የሚወሰድበትን ቦታ ወደታች እነግራችኋለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ብረቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ትኩስ ዝቃጭ የወስፋት እንቁላል አለው፤ እንቁላሉ ደግሞ ቶሎ አይሞትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ቀዝቀዝ ባለ አካባቢ (ከ2 እስከ 20 ዲግሪ) ዝቃጩ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት፣ ሞቅ ባለ አካባቢ (ከ20 እስከ 35 ዲግሪ) ከ1 ዓመት በላይ ተከማችቶ እንዲቆይ ይመክራል። አዲስ መጨመር የለም፤ ክምሩ ተዘግቶ ነው የሚቆጠረው። ስትነኩት ጓንትና ቦት ጫማ አድርጉ።

2. የአፈሩን ፒኤች ለኩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ታደርጋላችሁ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ፒኤች የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፦ 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በታች እየወረደ በሄደ ቁጥር አፈሩ ይኮመጥጣል። ከ5.5 በታች ከሆነ ካድሚየም፣ ዚንክና ኒኬል እንደልብ ይሟሟሉ። ከ6 እስከ 6.5 ሲደርስ አብዛኛው ተመልሶ ይያዛል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጡት ደንብ ፒኤቹ ከ5 በታች በሆነ አፈር ላይ ዝቃጭ ጭራሽ እንዳይደረግ ከልክለዋል። በጎጃም ደጋ ይህን መስመር የማያልፍ ማሳ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

የወረዳችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ የኖራ ሥራ በተሠራባቸው ቀበሌዎች የአፈር ኮምጣጣነት አዲስ ወሬ አይደለም። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም በዚህ አፈር ላይ የሚሠራ ተቋም ነው። በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚደረገው የቤት ውስጥ ሙከራ ግን ለዚህ ሥራ አይረባም። 5.0ን ከ5.8 አይለይላችሁም፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ይህንኑ ልዩነት ነው።

3. ናሙና አወሳሰድ

ላቦራቶሪው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የተበላሸ ናሙና የተበላሸ ውጤት ይሰጣል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በዕቃው ነው። የቆርቆሮ ባልዲ አትጠቀሙ፤ ዚንክ ያራግፋል። የነሐስ ወንፊትም አይሆንም፤ መዳብና ዚንክ ይጨምራል። የፕላስቲክ ባልዲና ያልዛገ፣ ቀለም ያልተቀባ መቆፈሪያ ይዛችሁ ውጡ።

በማሳው ላይ እየተጠማዘዛችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ ቆፍሩ። ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ማረሻ የሚደርስበት ማለት ነው። መጀመሪያ ከላይ ያለውን ገለባና ቅጠል ጥረጉ። ከጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ቁራጭ ላጡና ባልዲው ውስጥ ጨምሩ። ከመንገድ ዳር፣ ከአጥር ሥር፣ ፍግ ከተከመረበትና ከብት ከሚያድርበት ቦታ ራቁ። ሁሉንም አንድ ላይ አሹት፣ ጓሉን ሰባብሩት፣ ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ዘርጉት። ለአራት ክፈሉት፤ ትይዩ የሆኑትን ሁለቱን ጣሉ፤ የቀረውን እንደገና ቀላቅሉና ክፈሉ። ግማሽ ኪሎ ያህል ሲቀር ይበቃል። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ቆርቆሮ ላይ አታስጡት፤ ምክንያቱን አሁን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ አንድ ተጨማሪ ናሙና ውሰዱ፦ ዝቃጭ ነክቶት ከማያውቅ፣ አፈሩ ግን ከእናንተው ጋር አንድ ከሆነ አጎራባች ማሳ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ መዘለል አልነበረበትም። የጎጃም ደጋ አብዛኛው አፈር ከባዛልት ድንጋይ የወጣ ነው። ባዛልት ደግሞ በተፈጥሮው ኒኬልና ክሮሚየም ይዟል። የራሳችሁን ማሳ ብቻ አስመርምራችሁ ኒኬሉ ከፍ ብሎ ብታዩት ያለ ጥፋቱ ዝቃጩን ትወነጅላላችሁ። የጎረቤቱ አፈርም ያው ከሆነ ከጥንቱ የነበረ ነው ማለት ነው።

ከዝቃጩም እንዲሁ ከክምሩ ላይ፣ መሐልና ታች ወስዳችሁ አንድ ናሙና አዘጋጁ።

4. ምን ብላችሁ ታስመረምራላችሁ?

«ከባድ ብረት መርምሩልኝ» ካላችሁ የሚሰጧችሁ ጠቅላላውን መጠን ነው፤ በጠንካራ አሲድ ተፈልቶ የወጣውን። እሱ ያስፈልጋል፣ ግን ተክሉ የሚያገኘውን አይነግራችሁም። ስለዚህ ሁለተኛ ምርመራ ጠይቁ፦ ተክል ሊያገኘው የሚችለው መጠን። ላቦራቶሪዎች ብዙ ጊዜ ዲቲፒኤ በሚባል፣ ብረቱን ከአፈሩ በሚያወጣ ኬሚካል ይሠሩታል። ዲቲፒኤ ግን መጀመሪያ የተዘጋጀው ለገለልተኛና ኖራ ላለው አፈር ነው። ለቢቸና ይሆናል። ለእንጅባራ ቀይ አፈር ቀጠን ያለ የካልሲየም ክሎራይድ ውኃ የተሻለ ያሳያል። ላቦራቶሪው የሚችል ከሆነ እሱን ምረጡ።

ጠቅላላውን መጠን ለማነጻጸር የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ደንብ ይጠቅማል። ለአፈር የተቀመጠው ጣሪያ በኪሎ አፈር በሚሊግራም ይህ ነው፦ ካድሚየም ከ1 እስከ 3፣ መዳብ ከ50 እስከ 140፣ ኒኬል ከ30 እስከ 75፣ እርሳስ ከ50 እስከ 300፣ ዚንክ ከ150 እስከ 300፣ ሜርኩሪ ከ1 እስከ 1.5። ለኮምጣጣ አፈር ዝቅተኛውን ቁጥር ያዙ። ለዝቃጩ ራሱ ደግሞ ካድሚየም ከ20 እስከ 40፣ እርሳስ ከ750 እስከ 1,200፣ ዚንክ ከ2,500 እስከ 4,000 ተቀምጧል። በኔ አስተያየት ይህ የዝቃጭ ጣሪያ ለኛ ቀይ አፈር ልል ነው። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ በስሌት እናየዋለን።

5. መጠኑን አስሉ

የአንድ ሄክታር አፈር እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሲመዘን 2,500 ቶን ገደማ ነው። በሄክታር 5 ቶን ደረቅ ዝቃጭ ታደርጋላችሁ እንበል። ያ በሩብ ሄክታር ጥማድ 12 ኩንታል ተኩል ነው። የሚቆጠረው ደረቁ ክብደት ነው፤ እርጥብ ዝቃጭ አብዛኛው ውኃ ነው።

ዝቃጩ በኪሎ 5 ሚሊግራም ካድሚየም ቢኖረው፣ 5 ቶኑ 25 ግራም ይዞ ይገባል። ያ አፈሩን በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል። አፈሩ ከ0.3 ቢነሳ 1 ላይ ለመድረስ በየዓመቱ እየተደረገ 70 ዓመት ይፈጃል። ጥሩ ነው። አሁን ዝቃጩ 40 ሚሊግራም ያለው ይሁን፤ በአውሮፓው ደንብ አሁንም የተፈቀደ ነው። በዓመት 0.08 ይጨምራል። 1 ለመድረስ 9 ዓመት አይሞላም። ልጃችሁ ሳያገባ ማለት ነው።

ዚንኩንም በዚሁ መንገድ አስሉት። በኪሎ 1,000 ሚሊግራም ካለው፣ 5 ቶኑ 5 ኪሎ ዚንክ ያስገባል፤ አፈሩ በዓመት 2 ሚሊግራም ይጨምራል። ዚንክ ግን በመጠኑ ጠላት አይደለም። እጥረት ያለበት አፈር ብዙ ስለሆነ ነው ዚንክ ያለበት ቅይጥ ማዳበሪያ የሚመጣልን። ዚንክ ያነሰው ተክል ደግሞ ካድሚየምን ይበልጥ ይስባል፤ ሁለቱ በሥሩ በር ላይ ይሻማሉ። ስለዚህ ዚንኩ ከካድሚየሙ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ ዝቃጭ፣ ካድሚየም ከበዛበት ይሻላል።

ላቦራቶሪ ማስመርመር ካልቻላችሁ ቁጥር አትፈልጉ። ዝቃጩን በየዓመቱ አታድርጉ። አንዴ አድርጋችሁ ለዓመታት ተዉት፤ በመሐል ፍግና ኮምፖስት ይተኩት።

6. ኖራ ዝቃጩን ይቅደም

ፒኤቹ ከ6 በታች ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ኖራ፣ ከዚያ ዝቃጭ። የተገላቢጦሽ አይሆንም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ የምታዩት ነጣ ያለ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሚፈለገው እሱ ተፈጭቶ ዱቄት ሲሆን ነው። ለግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ በዚያው መጠን ማሳ ላይ እንዳታደርጉ። እሱ ኃይለኛ ነው፣ ቆዳም ያቃጥላል።

መጠኑን የሚወስነው ምርመራው ነው። ለምሳሌ በሄክታር 2 ቶን ከተባለ ለአንድ ጥማድ 5 ኩንታል ነው። ነፋስ በሌለበት ጠዋት እኩል በትኑት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ከዚያ በማረሻ ደጋግማችሁ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። ላዩ ላይ የቀረ ኖራ ሥር የሚደርስበት ቦታ አይሠራም። ከመዝራታችሁ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይሁን፤ እርጥበት ከሌለ አፈሩን አይለውጥም። በቆሎ ለሚዘራ ሰው መጋቢትና ሚያዝያ የሚያርስበት ጊዜ ተስማሚ ነው።

ከ7 አታሳልፉት። ሲበዛ ዚንክና አይረን (ተራው ብረት) ለተክሉ ያጥሩታል። ሞሊብዲነም የሚባለው ንጥረ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይሟሟል። ሞሊብዲነም የበዛበት ሣር የሚበላ ከብት የመዳብ እጥረት ይይዘዋል።

ኖራ የአንድ ጊዜ ሥራ አይደለም። ዩሪያ በየዓመቱ አፈሩን መልሶ ያኮመጥጣል፤ ዝናቡም ያግዘዋል። የዝቃጩ ብስባሽም ከጊዜ በኋላ ያልቃል፤ ይዞት የነበረው ብረት ግን እዚያው ነው። ዝቃጭ ማድረግ ያቆመ ሰው ኖራውን አብሮ ካቆመ፣ ከዓመታት በፊት የተደረገው ብረት እንደገና ይፈታል።

7. ምን ይዘራ?

እዚህ ላይ ቅጠል፣ ሥርና ፍሬ እኩል አይደሉም።

በጣም የሚስቡት ቅጠላ ቅጠሎች ናቸው፦ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ስፒናች። ካድሚየም ሲሆን እነዚህ አንደኛ ናቸው። ጥቅል ጎመን ከነሱ በእጅጉ ያነሰ ይስባል። የሐበሻ ጎመኑን ግን ለጥንቃቄ ከቅጠሎቹ ጋር ቁጠሩት። ካሮትና ቀይ ሥር መካከለኛ ናቸው፤ ድንችም እንዲሁ፣ ሲላጥ ይቀንሳል። ቲማቲም፣ ዱባ፣ የበቆሎ ፍሬ ዝቅተኛ ናቸው። ከእህል ስንዴ ከበቆሎ የበለጠ ይስባል።

ስለዚህ ባሕር ዳር ዙሪያ በመስኖ ቆስጣና ሰላጣ የሚያመርት ልጅ ቢጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፦ ዝቃጭ ለሰላጣ መደብ አይሆንም። በዚያው ውኃ በቆሎ ወይም ቲማቲም አልማ። ቲማቲሙ ራሱ ዝቃጩ በተደረገበት ወቅት ሳይሆን ቆየት ብሎ ይሁን፤ የአውሮፓው ደንብ ከአፈር ጋር ለሚነካካና በጥሬው ለሚበላ አትክልት ከመሰብሰቡ በፊት 10 ወር ይጠይቃል።

ግብጦ የጎጃም ልጅ ነው፤ በደከመ አፈር ላይ የሚችለው የለም። ያን የሚችለው ግን ሥሩ ሲትሬት የሚባል አሲድ አውጥቶ የተያዘ ፎስፈረስ ስለሚፈታ ነው። ያ አሲድ ፎስፈረሱን ከብረቱ አይለይም። ዝቃጭ የበዛበት ማሳ ላይ ግብጦን ለምግብ ባላደርገው እመርጣለሁ። ጫትም አይሁን፤ ቅጠሉ በጥሬው ነው የሚቃመው።

ምንጩ ያልታወቀውን ዝቃጭ የት እናድርገው? ባሕር ዛፍ ሥር ወይም አዊ ዞን ውስጥ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሥር። ማንም አይበላውም። ከምንጭና ከወንዝ ግን ይራቅ።

መታጠብን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ስለሚያምታታው። እርሳስ በአብዛኛው በሥሩ ላይ ይቀራል፣ ወደ ቅጠል ብዙም አይወጣም። ቅጠል ላይ የሚገኘው በዝናብ የተረጨ አፈርና አቧራ ይዞት የመጣው ነው። እሱ በደንብ ሲታጠብ በአብዛኛው ይሄዳል። መደቡ ላይ ገለባ ማልበስም ጭቃው እንዳይረጭ ይከላከላል። ካድሚየም ግን ቅጠሉ ውስጥ ነው። ብታጥቡት፣ ብትቀቅሉት፣ በሎሚ ብትዘፈዝፉት አይለቅም። ሰውነት ውስጥ ገብቶም ኩላሊት ላይ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ጃፓን ውስጥ በጂንዙ ወንዝ ዳር ካድሚየም በገባበት ውኃ የለማ ሩዝ የበሉ ሰዎች አጥንታቸው እስኪሰባበር ታመዋል፤ የጃፓን መንግሥት ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ1968 አምኗል። የዚያ ምንጭ ማዕድን ማውጫ እንጂ ዝቃጭ አልነበረም።

8. ከብቱን አስወጡ

ዝቃጭ በተደረገበት ግጦሽ ላይ ከብት ቢያንስ 3 ሳምንት አይግባ፤ የአውሮፓው ደንብ የሚለው ይህንን ነው። እኔ ዝናብ ሣሩን አጥቦ አዲስ እስኪበቅል ቢቆይ እላለሁ። ከብት ሲግጥ አፈሩንም አብሮ ይውጣል። በዚህ መንገድ የሚገባው ብረት በሣሩ ውስጥ ካለፈው ሊበልጥ ይችላል። የሚከማቸውም ጉበትና ኩላሊት ላይ ነው።

9. ባቄላውን ጠይቁት

ሁለት የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ፤ ታቻቸውን ብሱ። አንዱ ውስጥ ዝቃጭ የተደረገበትን አፈር፣ ሌላው ውስጥ ያልተደረገበትን ሙሉ። ከ4 እስከ 5 ፍሬ ባቄላ ዝሩ። አበባ ሲጀምር ነቅላችሁ ሥሩን ቀስ ብላችሁ በውኃ እጠቡ። ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ቁረጡት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ናይትሮጅን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች በሥራ ላይ ናቸው። ነጣ ወይም አረንጓዴ ካለ፣ ወይም ዝቃጭ ያለበት ላይ እብጠቱ ጭራሽ ከሌለ፣ ዚንኩ ወይም ኮምጣጣነቱ ጎድቷቸው ሊሆን ይችላል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከተክሉ በፊት ነው የሚጎዱት። እንግሊዝ አገር ዎበርን ላይ ከ1942 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ማሳ ላይ የተደረገ ዝቃጭ፣ መደረጉ ከቆመ ከረጅም ጊዜ በኋላም የማገጥ (ክሎቨር) ሥር ባክቴሪያዎችን ጎድቶ ተገኝቷል።

ይህ ሙከራ የሚያጋልጠው ግን ለተክሉ መርዝ የሆኑትን ነው፤ ዚንክ፣ መዳብ፣ ኒኬል ሲበዙ ሰብሉ ራሱ ቢጫ ሆኖ ይነግራችኋል። ካድሚየም ግን ለሰው የሚበዛበት መጠን ላይ ሲደርስ ቆስጣው ለምለም ሆኖ ገበያ ሊወጣ ይችላል። ለሱ ከቅጠሉ ምርመራ በቀር ሌላ መላ የለም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ እርጥብ ቅጠል 0.2 ሚሊግራም ነው።

10. ደብተር ያዙ

የማሳው ስም፣ ዝቃጩ የመጣበት ቦታ፣ ስንት ኩንታል፣ በየትኛው ወር፣ ኖራው፣ ፒኤቹ፣ የተዘራው። አንድ ገጽ ይበቃል። መሬቱን በኮንትራት ወይም በእኩል ስትሰጡ ገጹን ለሚያርሰው ሰው አሳዩት፤ ስትወስዱም ጠይቁ። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ዝቃጭ ተደርጎበት ያውቃል?» ማለት ነውር የለውም። ሰላጣ ሊተክል የነበረ ሰው በቆሎ ይዘራል።

ፒኤቹን በየ3 ዓመቱ መልሳችሁ ለኩ። ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ ማሳው ባዶና ደረቅ ሳለ፣ በየጊዜው በዚያው ወር ይሁን፤ የክረምትና የበጋ ልኬት እርስ በርስ አይነጻጸርም። ከ6 በታች ከወረደ ኖራ እስኪደረግ ድረስ ዝቃጭ አይገባም።